«ተመስገን» የትኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል? ሜዲኬር አረጋውያንን የሚጠይቅባቸው መጠይቆች

«በአጠቃላይ ጤናዎን እንዴት ይገልጹታል?» ይላል መጠይቁ። ከሥሩ አምስት ሳጥኖች አሉ፦ እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ደካማ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ልጃቸው ቤት የሚኖሩ አንዲት የ78 ዓመት እናት ይህን ቢጠየቁ መልሳቸው ሳይሰማ ይታወቃል፦ «ተመስገን ነው።» ጉልበታቸው ደረጃ አላስወጣ ቢላቸውም፣ ስኳራቸው ከፍ ዝቅ ቢልም፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ባይናቸው ሳይዞር ቢነጋም ተመስገን ነው። ማስመሰል አይደለም። ስለ ጤና የጠየቃቸውን ሰው መጀመሪያ በምስጋና ተቀብለው፣ ሕመሙን የሚያወጡት ጠያቂው ተደላድሎ ተቀምጦ «ታዲያ ጉልበትዎስ እንዴት ነው?» ብሎ ሲደግም ነው። ያደጉበት ወግ ይሄ ነው። መጠይቁ ግን አይደግምም። ልጃቸው እስክሪብቶውን ይዞ «ጥሩ» የሚለውን ያጠቁራል፤ ፖስታው ይታሸጋል።

ጥያቄው ተራ ይምሰል እንጂ ቀላል አይደለም። በ1997 የታተመ አንድ ቅኝት 27 ጥናቶችን አገላብጦ የደረሰበት ነገር ቢኖር፣ ሰው ስለ ጤናው በአንድ ቃል የሚሰጠው ፍርድ ማን በቀጣዮቹ ዓመታት በሕይወት እንደሚቆይ በመተንበይ ረገድ ከሐኪም ምርመራ ውጤቶች በላይ የሚጨምረው መረጃ እንዳለ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ቃል ይህን ያህል ከመዘነ፣ «ተመስገን» ወደ የትኛው ሳጥን ተተረጎመ ብሎ መጠየቅ ነገር ማጥበቅ አይሆንም።

ሜዲኬር 68 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚጠቀምበት የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የጤና መድን ነው። ሊንደን ጆንሰን ጁላይ 30፣ 1965 ሲፈርሙበት 65 ዓመት ለሞላው ብቻ የታሰበ ነበር። በ1972 ሕጉ ተሻሽሎ ከ65 በታች ያሉ አካል ጉዳተኞችና ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሕሙማን ገቡበት። ዛሬ ከአሥር ተጠቃሚ አንዱ ያህል 65 ዓመት ያልሞላው ነው። ብዙ ሰው ሜዲኬርን «የሽማግሌ ኢንሹራንስ» ብቻ አድርጎ ስለሚያስበው ይህ ይረሳል። ስትሮክ የመታው የ50 ዓመት የታክሲ ሹፌርም ውሎ አድሮ እዚሁ ነው የሚገባው።

ታዲያ ሆስፒታሉ ሂሳቡን ይልካል፣ መንግሥት ይከፍላል። ማን መቼ የትኛው ሐኪም ዘንድ ሄደ፣ ምን ተደረገለት፣ ስንት ተከፈለ የሚለው ሁሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ በእጁ የያዘ መንግሥት ሰው ቤት ድረስ ሄዶ የሚጠይቀው ምን ጎሎት ነው?

የጎደለው ያልሆነው ነገር ነው። የክፍያ መዝገብ የሚያውቀው የተደረገውን ብቻ ነው። ብሩ አልበቃ ብሎ ሳይገዛ የቀረ መድኃኒት ሂሳብ የለውም። ለወር የታዘዘውን ኪኒን ለሁለት እየከፈሉ ሁለት ወር የሚያደርሱ አባት በመዝገቡ ላይ የሚታዩት መድኃኒታቸውን እንደገዙ ሰው ነው። መታጠቢያ ቤት ወድቀው «ልጆቹ እንዳይደነግጡ» ብለው ዝም ያሉ እናት አልወደቁም። ነባሩ ሜዲኬር (መንግሥት በቀጥታ የሚከፍልበት) የተለመደውን የጥርስ ሕክምና፣ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ስለማይከፍል፣ ስለ አረጋውያን ጥርስ መዝገቡ ውስጥ ያለው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ መንግሥት የራሱን መድን ጉድለት ለማወቅ ከፈለገ ተጠቃሚውን ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለውም።

የመድኃኒቱ ታሪክ ይህን ከሁሉ በላይ ያሳያል። እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ ሜዲኬር ከፋርማሲ የሚገዛውን አብዛኛውን መድኃኒት አይከፍልም ነበር፤ ካልከፈለ ደግሞ መዝገብ የለውም። አረጋውያን በዓመት ለመድኃኒት ስንት ያወጣሉ? ስንቶቹ ምንም ሽፋን የላቸውም? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ዋናው ምንጭ ጠያቂዎች ቤት ለቤት ዞረው «እባክዎ የመድኃኒት ጠርሙሶችዎን ያምጡልኝ» እያሉ የጻፉት ነበር። ኮንግረስ በ2003 የመድኃኒት ሽፋኑን ሕግ ሲያወጣ ወጪው ሲሰላ ከታች ያለው መሠረት በአብዛኛው ያ ነው። ዛሬ ፓርት ዲ የሚባለው፣ ከ2025 ጀምሮ ተጠቃሚው በዓመት ከኪሱ ከ2,000 ዶላር በላይ እንዳይከፍል ጣሪያ የተበጀለት (በ2026 ጣሪያው 2,100 ነው)፣ መነሻው ላይ የማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ጠርሙሶች አሉበት።

ያ ጥናት በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤምሲቢኤስ ይባላል፤ ስሙ በአማርኛ ሲመለስ የሜዲኬር ወቅታዊ ተጠቃሚዎች ጥናት ማለት ነው። ከ1991 ጀምሮ ሳይቋረጥ እየተካሄደ ነው። ባለቤቱ ሜዲኬርንና ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሆነውን ሜዲኬድን የሚያስተዳድረው ሲኤምኤስ የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ በኮንትራት መስክ ወርዶ የሚጠይቀው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኖርክ የተባለ የምርምር ድርጅት ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው አንድ ጊዜ ተጠይቆ አይተውም። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ እስከ አራት ዓመት፣ በጠቅላላው እስከ 11 ጊዜ ይጠየቃል። ጠያቂው ካለፈው ጊዜ ወዲህ ስንቴ ሐኪም ዘንድ እንደሄዱ፣ ምን እንደከፈሉ፣ ምን ፈልገው እንዳጡ፣ ማን እንደሚያጥባቸውና እንደሚያለብሳቸው ሳይቀር ይጠይቃል፤ ደረሰኝና ከሜዲኬር የመጣ ወረቀት ካለ ያያል። ከዚያ የተናገሩት ከክፍያ መዝገቡ ጋር ይገናኛል። ሰውየው ሁለቴ ሄድኩ ያለው በመዝገቡ ሦስት ሆኖ ከተገኘ ይስተካከላል፤ መዝገቡ የማያውቀው ደግሞ ከአንደበቱ ይሞላል። የጥናቱ ዋጋ ያለው እዚህ ጋብቻ ላይ ነው፤ ሌላ ብዙ መጠይቅ ይህ የለውም።

ሰውየው አረጋውያን መንከባከቢያ ቢገባ እንኳ ተከትሎት ይሄዳል። እዚያ ግን ጥያቄው ለእሱ አይቀርብም። ጠያቂው ሠራተኛዋን ያነጋግራል፣ ፋይሉን ያያል። ለምን እንደዚያ እንደተደረገ ይገባኛል፤ እዚያ ያለው ብዙው ሰው ማስታወስ የተሳነው ነው። ቢሆንም ለዓመታት ስለ ራሳቸው ሲናገሩ የቆዩ ሰው ክፍል በቀየሩ ማግሥት ሌላ ሰው ስለ እሳቸው መናገር መጀመሩ ቅር ያሰኛል።

በአንድ ጊዜ ጥናቱ ውስጥ ያሉት 15,000 ያህል ናቸው። ለ68 ሚሊዮን ሰው ሲካፈል አንዱ በአማካይ ከ4,000 በላይ ሰው ተሸክሟል ማለት ነው። ሸክሙ ለሁሉም እኩል አይደለም። ከ85 ዓመት በላይ ያሉትና ከ65 በታች ያሉት አካል ጉዳተኞች ከቁጥራቸው ድርሻ በላይ ሆን ተብለው ይመረጣሉ፤ በድርሻቸው ልክ ብቻ ቢመረጡ ስለ እነሱ የሚያስተማምን ነገር ለመናገር ቁጥራቸው አይበቃምና። የሂስፓኒክ ተወላጆችም እንዲሁ ተጨምረው ይመረጣሉ። በዚህ ስሌት ውስጥ ኢትዮጵያውያን የት አሉ ቢባል፣ የሉም። ዕጣ አይደርሳቸውም ማለት አይደለም፤ ሊደርስ ይችላል። ነገር ግን ከ15,000 ውስጥ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ቢገኙ የሚቆጠሩት «ጥቁር» በሚለው ሰፊ መደብ ውስጥ ነው። አላባማ ተወልደው ያደጉ አያትና በ70 ዓመታቸው በልጃቸው ስፖንሰርነት ከጎንደር የመጡ አያት እዚያ መደብ ውስጥ አንድ ናቸው።

ሁለተኛው መጠይቅ በብዙ ቤት የታወቀ ነው፤ በፖስታ ስለሚመጣ። ካፕስ ይባላል። ሕክምናው ራሱ ምን ይመስል እንደነበር ይጠይቃል፦ ባለፉት ስድስት ወራት ቀጠሮ በሚፈልጉበት ጊዜ አገኙ ወይ፣ የጤና ፕላንዎን ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡታል፣ ይህን የመሰለ። ከዚህ ጋር ኤችኦኤስ የሚባል፣ ከ1998 ጀምሮ ያለ ሌላ መጠይቅ አለ፤ እሱ ስለ ጤናው ውጤት ይጠይቃል፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ተመልሶ ያንኑ ሰው ይጠይቃል፤ ተሻለዎ ወይስ ባሰብዎ ለማለት ነው።

እነዚህ ሁለቱ ላይ ገንዘብ አለ። ዛሬ ከሜዲኬር ተጠቃሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሜዲኬር አድቫንቴጅ በሚባለው፣ የግል መድን ኩባንያዎች በሚያስተዳድሩት ፕላን ውስጥ ናቸው። መንግሥት ለእያንዳንዱ ፕላን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል። ከ2012 ጀምሮ አራትና ከዚያ በላይ ኮከብ ያገኘ ፕላን ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል፤ ድምሩ በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ቴሌቪዥኑን የሚሞላው የነጻ ጥርስ፣ የነጻ መነጽር፣ የአስቤዛ ካርድ ማስታወቂያ ከፊል ወጪው ከዚህ ይወጣል። ለኮከቡ ከሚቆጠሩት መለኪያዎች ውስጥ የካፕስ መልሶች አሉበት። በ2023ቱ ደረጃ የካፕስ መልስ በኮከቡ ስሌት አራት እጥፍ እንዲመዝን ተደርጎ ነበር፤ ኩባንያዎቹ ይህን ያህል በሰው አስተያየት መመዘናቸውን አልወደዱትም፤ ከ2026ቱ ደረጃ ጀምሮ ወደ ሁለት እጥፍ ወርዷል።

ለአንድ የፕላን ኮንትራት ካፕስ የሚላከው ለ800 ያህል ሰው ነው። ከተላከላቸው አብዛኞቹ አይመልሱም። እንግዲህ በመቶ ሺህ የሚቆጠር አባል ያለው ኩባንያ ኮከቡን የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በጥቂት መቶ ሰዎች ወረቀት ነው። ስለዚህ መልስ የሰጠው ማን ነው የሚለው ከመልሱ አያንስም። በስልክ አስተርጓሚ ጥበቃ አርባ ደቂቃ የቆዩ አባት ወረቀቱን ስላልተረዱት ከጣሉት፣ አስተርጓሚ የማያቀርበው ፕላን ከኮከቡ ጫፍ እንኳ አይሸረፍበትም። በእሱ መለኪያ እሳቸው ቅሬታ የሌላቸው ሰው ናቸው።

ወረቀቱን ለምን አልተረዱትም? የሜዲኬር አድቫንቴጅ ካፕስ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በቬትናምኛ፣ በኮሪያኛና በታጋሎግ ተዘጋጅቷል። ኤችኦኤስ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛና በሩሲያኛ ነው። ኤምሲቢኤስ ደግሞ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ። አማርኛ የለም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይሁንና ያ ሕግ የሚያስገድደው የከተማውን አስተዳደር እንጂ ፌዴራል መንግሥትን አይደለም። ስለዚህ አንዲት እናት በአንድ ቀን ሁለት ፖስታ ቢደርሳቸው፣ ከከተማው የመጣውን ራሳቸው ያነባሉ፣ ስለ ሕይወታቸው የሚጠይቀውን ግን ልጅ እስኪመጣ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። በጎን አንድ ነገር ልበል። የፕላን ምርጫ ወቅት ሲደርስ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር የመድን ወኪል አይጠፋም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም፣ ሬስቶራንትም፣ ስልክ ላይም ይገኛል። ሻጩ አማርኛ ያውቃል። ሽያጩ እንዴት ሆነልዎ ብሎ የሚጠይቀው ነው የማያውቀው።

ፌዴራሉ አማርኛን ጨርሶ አያውቅም ማለትም አይቻልም። የጤና ማሻሻያ ሕጉ (ኦባማኬር) ክፍል 1557 በሚባለው አንቀጽ መሠረት የመድን ኩባንያዎችና ሆስፒታሎች በየስቴቱ በብዛት በሚነገሩ 15 ቋንቋዎች ነጻ አስተርጓሚ እንዳለ የሚያስታውቅ ማስታወሻ ማያያዝ አለባቸው፤ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በዲሲ አማርኛ ከነዚያ ውስጥ ነው። የብዙ መድን ደብዳቤ የመጨረሻ ገጽ ላይ ዓመታት የተገለበጠችውን ዓረፍተ ነገር ያላየ የለም፦ «የትርጉም እርዳታ ድርጅቶች፣ በነጻ ሊያግዝዎት ተዘጋጀተዋል።» ድርጅቶቹ ብዙ፣ ማገዙ ነጠላ፣ «ተዘጋጅተዋል» ደግሞ ፊደሉ የተሳሳተ። ከአንዱ ደብዳቤ ወደ ሌላው እንዳለች ስትገለበጥ ያረማት አለመኖሩ፣ ያነበባትም አልነበረ ይሆን ያሰኛል።

ያለ አማርኛ ወረቀት የሚቀረው መንገድ ልጅ ነው። መጠይቆቹ ራሳቸው ይህን ይፈቅዳሉ፤ መልስ ሰጪው መመለስ ካልቻለ የሚያውቀው ሰው ይመልስለት ይላሉ። ልጅ ብዙ ነገር ያውቃል፤ የመድኃኒቱን ስም ከእናቱ ይልቅ እሱ ይጠራዋል፣ ቀጠሮውን የያዘው እሱ ነው። የማያውቀው ደግሞ እናት ሊነግሩት የማይፈልጉትን ነው። ኤችኦኤስ «ባለፉት ስድስት ወራት ሽንት አምልጦዎት ያውቃል?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ አረጋውያንን የሚያጠቃ፣ መታከም የሚችል ችግር ስለሆነ ነው የሚጠይቀው። አሁን ይህን የ45 ዓመት ወንድ ልጅ ለእናቱ ሲተረጉም አስቡት። ብዙው ልጅ ጥያቄውን አያነብም፤ «የለም» የሚለውን አጥቁሮ ያልፋል። ቢያነብም እናት «ኧረ ምን ነካህ» ብለው ይዘጉታል። በመጨረሻ በቁጥሩ ውስጥ የሚገባው፣ ያ ችግር የማይነካት ሴት ናት። ሴት ልጅ ብትሆን ትንሽ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የማያውቁት፣ ዳግም የማያገኙት፣ በአማርኛ የሚያናግራቸው አስተርጓሚ ነው፤ ለእንግዳ የሚነገር ለልጅ የማይነገር ብዙ ነገር አለ።

ደግሞ ሐዘን አለ። ኤችኦኤስ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ለነገሮች ፍላጎት ማጣትና የመከፋት ስሜት ምን ያህል እንዳስቸገረ ይጠይቃል። በአማርኛ የዚህ ስም ምንድን ነው? ባለሙያዎቹ «ድብርት» ይላሉ። ለእናት ግን ድብርት የደመና ቀን ነው፤ ለልጅ ልጃቸው ደግሞ «ደበረኝ» ማለት ሰለቸኝ ነው። እሳቸው ያለባቸውን «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ነው የሚሉት፤ ወይም «ልቤ አገር ቤት ነው»። የመጀመሪያውን ቃል ይዞ የጠየቀ ሰው «የለብኝም» የሚል እውነተኛ መልስ ያገኛል። ሁለተኛውን ይዞ የጠየቀ ሌላ እውነተኛ መልስ ያገኛል።

የአካል ጉዳት ጥያቄዎቹም ወጥመድ አላቸው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙባቸው ስድስት ናቸው፦ መስማት፣ ማየት፣ ማስታወስና ማሰብ፣ መራመድ ወይም ደረጃ መውጣት፣ መልበስ ወይም መታጠብ፣ ስድስተኛው ደግሞ ሐኪም ቤት ወይም ገበያ ብቻን ሄዶ ጉዳይ መፈጸም። የመጨረሻው «በአካል፣ በአእምሮ ወይም በስሜት ችግር ምክንያት» የሚል መግቢያ አለው። ልጅ ሲተረጉም ይህ መግቢያ ረጅም ነውና ይቆረጣል፤ «ብቻዎን ሐኪም ቤት መሄድ ያስቸግርዎታል?» ተብሎ ይቀርባል። እናት መኪና አይነዱም፣ እንግሊዝኛ አይናገሩም፣ ብቻቸውን ሐኪም ቤት ሄደው አያውቁም፤ አገራቸው እያሉም አስታማሚ አብሮ ይሄዳል እንጂ ሰው ብቻውን አይታከምም። «አዎ» ይላሉ። ጤነኛ እግር ያላቸው ሴት አካል ጉዳተኛ ሆነው ይቆጠራሉ፤ ጉልበታቸው የማይታጠፈው ጎረቤታቸው ደግሞ ለመራመዱ ጥያቄ «ተመስገን፣ ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ» ብለው ጤነኛ ሆነው ያልፋሉ።

አንድ ነገር ግን ተለውጧል፤ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነው። በ2011 የጤና ሚኒስቴሩ የዘር መረጃ አሰባሰብ ደረጃ ሲያወጣ እስያውያንን በሰባት፣ ሂስፓኒኮችን በአራት ከፍሎ፣ «ጥቁር» የሚለውን እንዳለ አንድ ሳጥን ትቶት ነበር። በማርች 2024 ግን የዋይት ሐውስ የበጀት ቢሮ ለመላው ፌዴራል መንግሥት የሚያገለግለውን ደረጃ ሲያሻሽል፣ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» ከሚለው ሥር ዝርዝር ሳጥኖች አስቀመጠ፦ አፍሪካዊ አሜሪካዊ፣ ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ ሶማሌ። «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል በፌዴራል መደበኛ መጠይቅ ላይ ራሱን የቻለ ሳጥን አገኘ ማለት ነው። መሥሪያ ቤቶቹ ተግባራዊ እንዲያደርጉት ዓመታት ስለተሰጣቸው ነገ ጠዋት የሚታይ አይደለም። ቢታይም የኤምሲቢኤስን ትንሽነት አያክመውም፤ ሳጥኑ ሲመጣ ውስጡ የሚገኙት ጥቂት ሰዎች ይሆናሉ። ለትልልቆቹ መጠይቆችና ለክፍያ መዝገቡ ግን የስኳር ሕመምተኛ ኢትዮጵያውያን አረጋውያን ስንት ናቸው ብሎ መጠየቅ የሚያስችለው ይህ ነው።

ከሁሉም መጠይቅ ውጭ የሆኑም አሉ። የሜዲኬር ጥናት ዕጣውን የሚያወጣው ከሜዲኬር መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ላይ የሌለ ሰው አይጠየቅም። ከላይ ያነሳሁት የታክሲ ሹፌር ሥራ መሥራት ካቃተው ቀን ጀምሮ የመጀመሪያው የአካል ጉዳት ክፍያ እስኪጀመርለት አምስት ወር ይጠብቃል፣ ከዚያ ሜዲኬር እስኪገባ ሌላ 24 ወር። በነዚያ 29 ወራት፣ ሕመሙ ትኩስ በሆነበትና ገንዘቡ በሚያልቅበት ጊዜ፣ የሜዲኬር ጥናት አያየውም። ሲያየው የተረጋጋ አካል ጉዳተኛ ሆኗል። በልጃቸው ስፖንሰርነት የመጡ አባትም እንዲሁ ናቸው። ግሪን ካርድ ይዘው አምስት ዓመት ተከታታይ መኖር አለባቸው። ከዚያም እሳቸው ወይም ባለቤታቸው አሜሪካ ውስጥ አሥር ዓመት ያህል ሠርተው ግብር ካልከፈሉ የሜዲኬርን የሆስፒታል ሽፋን በየወሩ እየከፈሉ መግዛት ይጠበቅባቸዋል፤ በ2025 ሙሉ ዋጋው በወር 518 ዶላር ነበር። ለሐኪም ሽፋኑ የሚከፈለው 185 ዶላርም በላዩ ይጨመር ነበር። የቻለ ይገዛል። ያልቻለው በጥናቱ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ «አረጋውያን ምን ያህል ይቸገራሉ» ለሚለው ጥያቄ የሚመልሱት ከሞላ ጎደል መግባት የቻሉት ናቸው።

ጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ሕግ ደግሞ ይህን ክበብ አጥብቦታል። ከዚያ ወዲህ ሜዲኬር የሚገባው ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለውና ሁለት ሌሎች ጠባብ ምድቦች ብቻ ናቸው። ጥገኝነት ያገኙና ስደተኞች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ፣ ለዓመታት ሠርተው ግብር ቢከፍሉም፣ ወጥተዋል፤ ቀድሞ ገብተው ለነበሩት 18 ወር ተሰጥቷል። ከመዝገቡ የወጣ ሰው ከጥናቱም አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ከሁለት ዓመት በኋላ ያለው ጥናት ይህ ሕግ ያደረሰውን ጉዳት ከጎዳቸው ሰዎች አፍ አይሰማም።

በዚያው 2025 ማርች 1 ቀን የወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሲያደርግ፣ በ2000 የወጣውንና ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማያውቁ ሰዎች አገልግሎታቸውን እንዲያመቻቹ ያስገድድ የነበረውን ትእዛዝ ሽሯል። የክፍል 1557 ግዴታ ሕግ ስለሆነ በትእዛዝ አይሻርም፤ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታው እንዳለ ነው። ቢሆንም አዲስ ትርጉም መሥራት ለሚያስብ መሥሪያ ቤት የሚገፋው ኃይል ጠፍቷል። በዚያው ወር የጤና ሚኒስቴሩ 10,000 ያህል ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ ካፕስን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያሳደገው የምርምር መሥሪያ ቤትም ከሌላ ቢሮ ጋር እንደሚዋሐድ። የአማርኛ መጠይቅ በቅርቡ ይመጣል ብዬ ተስፋ አልሰጥም።

ታዲያ ወረቀቱ ወይም ስልኩ ሲመጣ ምን ይደረግ? አብዛኛው ቤት የሚያደርገው ታወቀ፤ ስልኩ ይዘጋል። አልፈርድም። አረጋውያንን በሜዲኬር ስም የሚያታልሉ ደዋዮች ብዛታቸው አይጣል ነው። ከዚያም በላይ፣ ከቀበሌ ምዝገባ ዘመን ለመጣ ሰው ስለ ገቢህና አብሮህ ስለሚኖረው ሰው የሚጠይቅ የመንግሥት ሰው ሁልጊዜ ከበስተጀርባው ሌላ ነገር አለው። «ብናገር ይቆርጡብኛል» የሚለው ፍርሃትም አለ። እውነተኛውን መለየት ግን ይቻላል። ኤምሲቢኤስ ሰው ከመላኩ በፊት ደብዳቤ ይልካል። እውነተኛ የፌዴራል መጠይቅ የበጀት ቢሮው የፈቃድ ቁጥር አለበት፤ የሲኤምኤስ ሲሆን በ0938 ይጀምራል፣ የኤምሲቢኤስ ሙሉ ቁጥር 0938-0568 ነው። ምንም አይሸጥም፣ የባንክ ሂሳብ አይጠይቅም፣ ፕላን ቀይሩ አይልም። መመለስ በፈቃድ ነው፤ መልሱም እምቢታውም ጥቅማጥቅሙን አይነካም፤ የሰውየው ስም ከመልሱ ጋር አይወጣም። ጥርጣሬ ካለ በራሱ በሜዲኬር ቁጥር፣ 1-800-633-4227፣ ደውሎ «አማርኛ» ብሎ በነጻ አስተርጓሚ ማጣራት ይቻላል። ሳይጠየቅ ደውሎ የካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ግን ሜዲኬር አይደለም።

ልጅ የሚመልስ ከሆነ፣ «ጤናዎ እንዴት ነው» የሚለውን መጀመሪያ አይጠይቅ። መጀመሪያ ደረጃውን፣ እንቅልፉን፣ ጉልበቱን ይጠይቅና ወደ ላይ ይመለስ፤ ምስጋናው ያኔም ይመጣል፣ ግን ከሱ በፊት የተነገረው ተይዟል። የሚያሳፍረውን ጥያቄ እናት ከሴት ልጃቸው ወይም ከአስተርጓሚ ጋር ብቻቸውን ይመልሱ።

ኤምሲቢኤስ የገባ ቤት ደግሞ የቀን ችግር ይገጥመዋል። ጠያቂዋ በየአራት ወሩ እየመጣች «ካለፈው ከተገናኘንበት ቀን ወዲህ» ትላለች፤ እናት የሚያስታውሱት ግን «ከፍልሰታ በፊት»፣ «የጥምቀት ሰሞን»፣ «ለአቡዬ ማግስት» ብለው ነው። ለዚህ ሲባል ጥናቱ ቀጠሮ የሚጻፍበት የቀን መቁጠሪያ ይሰጣል፤ እንግሊዝኛ ነው፣ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከማቀዝቀዣው ጎን የተሰቀለው የቤተ ክርስቲያኑ ካላንደር ግን ሁለቱንም አቆጣጠር ይዟል፣ እናትም በየጠዋቱ የዕለቱን ቅዱስ ያዩበታል። ሐኪም ቤት የሄዱበትን ቀን በእስክሪብቶ እዚያው ላይ ቢያከቡት፣ ጠያቂዋ ስትመጣ ልጅየው ካላንደሩን ከግድግዳው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ከመድኃኒት ጠርሙሶቹ አጠገብ ያስቀምጠዋል።